ለልጄ፣ ከኦዲሽኑ በፊት

የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ተሽሏታል። ደሴ ብርዱ ጀምሯል።

አክስትሽ ትናንት ደውላ ለመመረቂያ ፊልምሽ ቅዳሜ ኦዲሽን እንዳለሽ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን ዋናውን ቦታ፣ የታክሲ ረዳቱን፣ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ ላለው ለዚያ ጓደኛሽ ቃል እንደገባሽለት ነገረችኝ። ማስታወቂያውን የለጠፍሽው ትምህርት ቤቱ ስለሚጠይቅ ብቻ ነው አሉ። እውነት ከሆነ አዝኛለሁ። ለወግ ብለሽ ሰው አትጥሪ።

ልጁ ጎበዝ ከሆነ እንደማንም ተሰልፎ ይፈተን። ባለፈው ፋሲካ ስትመጪ በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጣሊያን ፊልም፣ «የብስክሌት ሌቦች»ን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ዳይሬክተሩ ደ ሲካ፣ የሆሊውዱ ኮከብ ኬሪ ግራንት ይተውን ብሎ ገንዘብ ይዞ የመጣውን አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር እምቢ ማለቱን የነገርሽኝም አንቺው። አባትየውን ሆኖ የተወነው ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ለኦዲሽን የመጣውም ልጁን ለማስፈተን ነው። ደ ሲካ ግን አባትየውን አየ። አስቀድሞ የወሰነ ሰው እንዲህ አያይም።

ለሁሉም ከስክሪፕቱ አንድ ዓይነት ገጽ ስጪ። መጀመሪያ እንደገባቸው ይሥሩት። ከዚያ «አሁን ንዴትህን ዋጥ አድርገህ ድገመው» በዪ። ምንም ካልተለወጠ፣ ቀረጻ ላይም አይሰማሽም። ሌላው ሲናገር የሚያዳምጠውን ልብ በዪ። በስልክሽ ቅረጪና በማግስቱ እዪው። የፈተናና የሥራ ቀናቸውን ጠይቂ። የመረጥሽው ልጅ ቀረጻው እስኪያልቅ ጸጉሩን እንዳይቆረጥ። ውሃ አዘጋጂላቸው። አንቺም ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ።

እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም፤ እኔ ግን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም። በ1975 ዓ.ም. አንድ የኪነት ቡድን ተዋናይ ይፈልጋል ተባለ። ቃለ ተውኔቱን በኩራዝ ሳነብ አደርኩ። አያትሽ ከጎረቤት ሸሚዝ ተዋሰችልኝ። ግማሹን ሳልጨርስ አንደኛው ፈታኝ ሰዓቱን አየ። «እንጠራሃለን» አሉኝ። ለካ ቦታው ለአንዱ ዘመድ ከተሰጠ ቆይቷል። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሮጥ ነበር። አልተመረጥክም ያለኝ የለም። ያወቅኩት ቴአትሩ ሲታይ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነው። ልጁ ቃሉ ሲጠፋበት እኔ በሆዴ እለው ነበር። ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ አልወጣሁም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድራማ ሲያዘጋጅ እንኳ መጋረጃ ከመሳብ አላለፍኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለወግ ሰው አትጥሪ፣ ልጄ። ከጠራሽ ደግሞ እስከ መጨረሻው እዪው፤ ሰዓትሽን አትመልከቺ። ያልተመረጠውን ራስሽ ደውለሽ ንገሪው። ቴክስት አይሆንም።

ክፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁ። ልጅ ሆነሽ ግቢያችን ውስጥ ድራማ ስትሠሪ፣ ቦታ ያልደረሳቸውን ዛፍ ሁኑ እያልሽ ታስገቢያቸው ነበር። ማንም እያለቀሰ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ዘንድሮ ሁሉንም ማስገባት አትችዪም፤ ይገባኛል። በቁም ነገር መፈተን ግን ትችያለሽ።

በቴሌብር ትንሽ ብር ልኬልሻለሁ። የልጆቹ የትራንስፖርት ነው፤ ለካሜራ ኪራይ እንዳታደርጊው። ለጓደኛሽም ከቅዳሜ በፊት ቦታው ገና እንዳልተያዘ ንገሪው። እሑድ ማታ ደውዪልኝ፤ ለቀሩት ምን እንዳልሻቸው ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ