ማሽን ስንገዛ ፕሮግራሙንም እንረከብ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ» የተሰኘው ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ፕሮግራሚንግ ለወጣቶች የእንጀራ በር እንደሚከፍት በሰፊው ይነገራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ውይይቱ ከድረ ገጽ፣ ከስልክ መተግበሪያና ከዳታ ሳይንስ ብዙም አይርቅም። በፋብሪካ ጥገና ክፍል ለዓመታት የሠራሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ የፋብሪካ ማሽኖች በራሳቸው እንዲሠሩ ፕሮግራም ስለሚጽፈው፣ ስለተዘነጋው የኢንዱስትሪ አውቶሜሽን ሙያ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

የቢራ፣ የታሸገ ውኃና የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን አብዛኞቹ ዘመናዊ መስመሮች የሚታዘዙት ፒኤልሲ በሚባለው፣ በፕሮግራም በሚሠራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ነው። ከሴንሰሮች የሚደርሰውን ምልክት እያነበበ የትኛው ሞተር እንደሚነሳ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሚዘጋ የሚወስነው እርሱ ነው። ለመፈጠሩ ምክንያት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ በ1968 እ.ኤ.አ. የመኪና ሞዴል በተቀየረ ቁጥር ሽቦው እንደ አዲስ የሚዘረጋውን የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ፓናል የሚተካ መሣሪያ መፈለጉ ነበር። ሁልጊዜ የሚያስደስተኝ፣ የዚያን ጊዜ መሐንዲሶች የፋብሪካውን ኤሌክትሪሻን አለመርሳታቸው ነው፤ ላደር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሪሌይ ንድፍ ማንበብ የለመደ ሰው እንዲረዳው አድርገው ቀረጹት። በመሆኑም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ፣ ኮንታክተርና ሪሌይ በእጁ ያሰረ ወጣት ዲግሪ ሳይጠብቅ ወደዚህ ሙያ መግባት ይችላል።

ትምህርቱም እንደሚፈራው ሩቅ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኢሲ 61131-3 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቋንቋዎቹን ስላቀራረባቸው፣ በአንዱ ኩባንያ ፒኤልሲ የሠለጠነ ወደ ሌላው ሲሻገር ከዜሮ አይነሳም። ኮዴሲስን የመሰለ ሶፍትዌር በነጻ ጭኖ፣ መሣሪያው ሳይኖር በኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ጽፎ መሞከር ይቻላል። የሮቦት ሥራ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለሙያው ሮቦቱን አጠገቡ ቆሞ ነጥብ በነጥብ ሲያስተምረው ፍጥነቱ በሰከንድ ከ250 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ የሚገደበውና፣ በእጅ መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ቁልፍ ደንግጦ ቢለቀውም ሆነ አጥብቆ ቢጨብጠው ክንዱ የሚቆመው፣ በዚህ ሥራ ስህተት ሕይወት ስለሚያስከፍል ነው። ይህ በቪዲዮ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

ታዲያ ወጣቶቻችንን የሚያግዳቸው ምንድን ነው? በእኔ እምነት ዋናው እንቅፋት የግዢ ውላችን ነው። ብዙ ጊዜ የአቅራቢው መሐንዲስ መስመሩን ተክሎ፣ ፕሮግራሙን በይለፍ ቃል ቆልፎ፣ ዋናውን ቅጂ በላፕቶፑ ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ የአንዲት ሰዓት ቆጣሪ ልኬት ለማስተካከል ከውጭ ባለሙያ እስኪመጣ ተጠብቋል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነበር። እጃችን ላይ ብቃት ያላቸው ልጆች ነበሩ፤ የሚከፍቱት ፋይል ግን አልነበረም። በአሮጌ ፒኤልሲዎች ላይ ደግሞ የማስታወሻው ባትሪ ደክሞ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፕሮግራሙ ጨርሶ ይጠፋል፤ ቅጂ የሌለው ፋብሪካ ያን ጊዜ ምን ይውጠዋል?

ስለዚህ የፋብሪካ ባለቤቶችና የግዢ ኃላፊዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት ማብራሪያ ያለው ዋና ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ የኤሌክትሪክ ንድፉና የሴንሰሮቹ ዝርዝር ከማሽኑ ጋር እንዲያስረክብ አቅራቢውን ያስገድዱ። ዋጋው ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል፤ እኔ ግን አንድ የምርት መቋረጥ ከዚያ የበለጠ ያስወጣል ብዬ አምናለሁ። የተከላውና የሙከራው ጊዜም ከየትኛውም ክፍል የተሻለ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የጥገና ሠራተኞችና ከየኮሌጁ የሚመጡ ተለማማጆች መሣሪያ ለማቀበል ብቻ ሳይሆን ከመሐንዲሱ ጎን ተቀምጠው እንዲሠሩ በውሉ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመውም፣ የራሳችን ባለሙያ ፕሮግራሙን በራሱ ላፕቶፕ ከፍቶ፣ ወደ ፒኤልሲው መልሶ ጭኖ፣ መስመሩን ማስነሳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ