ከመስኮት የምትታየው ዛፍ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ስለ ክበባችን ሳወራ ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ አንድ ነው። «በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የምን ዛፍ ነው?» ትምህርቱ ወደኋላ ቀርቷል፣ ልጆቹ ክፍላቸው ገብተው ይማሩ ያሉኝ ወላጆችም አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን እነዚያን የመዘጋት ወራት እናስታውስ። ሰው ቤቱ ሲቀመጥ መጀመሪያ ከናፈቁት ነገሮች አንዱ በየቀኑ ሳያየው የሚያልፈው ሣር ነበር። በስፔን ልጆች ለ6 ሳምንት ያህል ከቤት እንዳይወጡ ተከልክለው፣ ደጅ መናፈስ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. አፕሪል 26 ቀን 2020 ነው።

ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ክበቡ አልተዘጋም። በቴሌግራም ግሩፓችን «የመስኮት ማስታወሻ» ጀመርን። እያንዳንዱ አባል በመስኮቱ የሚያየውን አረንጓዴ ነገር በየቀኑ ይጽፋል፣ ይስላል። ሐሳቡን ያገኘሁት ከተመራማሪው ሮጀር ኡልሪች የ1984 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ነው። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው በመስኮት ዛፍ ያዩ የነበሩ ሕሙማን፣ ግንብ ብቻ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። አንዳንዱ ልጅ ግን «ቲቸር፣ እኔ ጋ ምንም አይታይም» ብሎ ጻፈልኝ። ያ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ስንመለስ ስብሰባዎቻችንን ደጅ አደረግን። በኒውዮርክ ዶሚኖ ፓርክ ሣሩ ላይ የተሳሉትን ነጭ ክቦች ፎቶ ልጆቹ አይተው ነበርና፣ እኛም በግቢያችን በኖራ ክብ ሠርተን ተራርቀን ተቀመጥን። 

ወደ አንድ መናፈሻ ስላደረግነው ጉዞ ልንገራችሁ። የሄድነው በእግር ነው፤ አውቶቡስ ጠይቀን አልተገኘም። ከአባላቱ አንዱ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከአያቱ ጋር 5ኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። በማስታወሻው የነበረችው አንዲት ዛፍ ብቻ ናት። ከሁለት ሕንፃዎች መካከል ጫፏ ብቻ ብቅ ትላለች። ለወራት ያቺኑ ጫፍ ሲስል ከረመ። ቅጠሏ ሲረግፍ ጻፈ፣ ሲያቆጠቁጥ ጻፈ። የት እንደበቀለች ግን አያውቅም ነበር።

መናፈሻው ውስጥ እየሄድን ድንገት ቆመ። ቀና ብሎ አየ፣ ዞሮ ወደ ሕንፃዎቹ አየ፣ በጣቱ ፎቆቹን ቆጠረ። ከዚያ «ቲቸር፣ እሷ ናት!» አለ። በቀጭኑ ክፍተት የቤቱ መስኮት ይታያል። ግንዱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ሌሎቹም ሳይነገራቸው ዝም አሉ። ስንመለስ አንድ የወደቀ ቅጠል ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠ፤ «ለአያቴ» አለኝ። እሳቸው ከቤት መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። እንባዬን ለመደበቅ ማስኩ ጠቀመኝ።

ያልተሳካልንም አለ። በመዘጋቱ ወቅት የሚያጠጣ ጠፍቶ ካለፈው ዓመት ችግኞች አብዛኞቹ ደረቁ። ለችግኝ ተከላ ቀን ፎቶ የሚነሳ ሞልቷል፤ አንድ የውሃ ጎማ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠይቀን አላገኘንም።

በመጨረሻው መንፈቅ ካርታ ሠራን። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ፣ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ከግማሽ እስከ 1 ሄክታር የሚሆን ለሕዝብ ክፍት የሆነ አረንጓዴ ቦታ ቢያገኝ ጥሩ ነው ይላል። የ5 ደቂቃ መንገድ ያህል ነው። ልጆቹ ከየቤታቸው ደጃፍ ተነስተው ለኩ። አብዛኞቹ ምንም አላገኙም። በትምህርት ቤቱ ዙሪያ የሚኖሩት ያገኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ የራሳችንን ጓሮ። ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ግን ዛፍ አለው፣ ጥላ አለው። በእነዚያ ወራት ሁሉ ተቆልፎ ነበር።

ስለዚህ ለአስተዳደሩና ለወላጆች ኮሚቴ ያቀረብነው ጥያቄ አጭር ነው፦ የውሃ ጎማ፣ ለዓመቱ ሁለት ጉዞ አውቶቡስ፣ የጓሮው በር ቁልፍ። ትምህርት ቤቱ ዳግም ቢዘጋ የሰፈሩ ልጆች በተራ እየገቡ የሚናፈሱበትን ፕሮግራም ተማሪዎቹ አውጥተዋል። ከካርታው ጋር ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል።