የሮኬት ጭነት መድረሻው ሳይታወቅ አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለውን ሮኬት የመሥሪያና የመተኮሻ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጫወቱ የድሬዳዋ ልጆች ክርክር ሁሌም «የእኔ ሮኬት 40 ቶን ያነሳል» ላይ ይቆማል። የት ድረስ? የእኛ ሹፌር እንኳ ስንት ኩንታል ትጭናለህ ሲሉት የደንገጎን ዳገት ነው የሚያስበው።

ስለዚህ መጀመሪያ መድረሻው ይቆረጥ። የጨዋታው ፕላኔት የከርቢን ከባቢ አየር 70 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፤ በሁሉም በኩል 80 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ምህዋር፣ ወደ ምሥራቅ፣ ጥሩ መለኪያ ነው። ወደ ምሥራቅ መተኮስ ከፕላኔቷ ሽክርክሪት በሰከንድ 175 ሜትር ገደማ በነፃ ያስገኛል። ከድሬዳዋ ቢተኮስማ ምድር ከ450 በላይ ትሰጥ ነበር!

ለሙከራ ሳተላይት መገጣጠም አያስፈልግም፤ ለጭነትነት ሙሉ የነዳጅ ታንክ ይበቃል። በጨዋታው ካሉት ታንኮች ኤፍ ኤል ቲ 800 ሙሉው 4.5 ቶን፣ ጃምቦ 64 ደግሞ 36 ቶን ነው። ታንኩን በቀኝ ክሊክ ከፍቶ የነዳጁንም የኦክሲዳይዘሩንም (ነዳጁን የሚያቃጥለው ፈሳሽ) ፍሰት መዝጋት ግን ግዴታ ነው። በተለይ በዶኪንግ ፖርት (መንኮራኩሮችን በሚያገናኘው መጋጠሚያ) ከተያያዘ ሞተሩ ጭነቱን ራሱን እየጠጣ ይወጣና ውጤቱ ውሸት ይሆናል።

መነሻው ላይ ግፊቱ ከክብደቱ 1.3 እስከ 1.5 እጥፍ ይሁን። ከ1.2 ሲያንስ ሮኬቱ እየተንፏቀቀ ነዳጁን የስበት ኃይል ይበላበታል። ፍጥነቱ 100 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል፣ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ 45 ዲግሪ መድረስ ነው። ምህዋር ለመግባት 3,400 ሜትር በሰከንድ ገደማ ዴልታ ቪ፣ ማለትም ሞተሩ በነዳጁ ሊያመጣው የሚችለው የፍጥነት ለውጥ፣ ይጠይቃል።

ዋናው ብልሃት የተረፈውን ነዳጅ ማንበብ ነው። ነዳጁም ኦክሲዳይዘሩም በዩኒት (በጨዋታው መስፈሪያ) 5 ኪሎ ስለሚመዝኑ 200 ዩኒት አንድ ቶን ነው። የላይኛው እርከን (የሮኬቱ የመጨረሻ ክፍል) ምህዋር ገብቶ ሁለቱ ተደምረው 400 ዩኒት ከተረፉት፣ ያ ሁለት ቶን እዚያ ደርሷል ማለት ነው፤ በቦታው ሁለት ቶን ጭነት መተካት ይቻላል። ታንኩን ሳይቀንሱ ቢጭኑ ደግሞ ትንሽ ትርፍ ይኖራል፣ የመነሻ ግፊቱ ከቻለ። በመንገድ የተጣለ የታችኛው እርከን ውስጥ የቀረ ነዳጅ ግን አይቆጠርም። ጭነት እየጨመሩ መደጋገም፣ ለመመለሻ የሚሆን ጥቂት ሲቀር ማቆም።

ይህ ግን የሚፈትነው ክብደትን ብቻ ነው። ከሮኬቱ የሰፋ ጭነት ያው ክብደት ቢኖረውም አየር እየያዘው አፍንጫውን ያስገለብጠዋል፤ እውነተኛው ጭነት በሽፋን የሚሄድ ከሆነ ታንኩም በዚያው ሽፋን ይፈተን።

ከአሁን ወዲያ የሚፎካከሩ ልጆች የጭነቱን፣ የመነሻ ክብደቱንና የምህዋሩን ቁጥር አብረው ይናገሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ