ክሬኑ እስኪመጣ ምን እናድርግ?

ለአዘጋጁ፣

«ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ላይ የተቆለፈ ኦቶማቲክ መኪና ያለ ክሬን ንቅንቅ አይልም» ያላችሁትን ዘገባ አይቼ ደሜ ፈላ። ማነው እንዲህ ብሎ የነገራችሁ? «ክሬን ጠርቶ በትዕግሥት መጠበቅ» ነው ደግሞ ምክራችሁ። እሺ፣ ሌሊት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተገትረን አቦሉንም ቶናውንም እንጠጣ፣ በረካው ላይ ይደርስ ይሆናል!

የኔን ልንገራችሁ። አምና ክረምት ቪትዜ ደሴ ውስጥ አንድ ጠባብ ዳገት ላይ እንዲሁ ተቆልፋ ቀረች። ከኋላ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ባጃጅ ክላክሱን ያንጫርራል። ሰዉ «ግፉት!» ይላል፤ ፒ ላይ ያለ መኪና ማን ይገፋል? አንድ የአይሱዙ ረዳት መጣና መጀመሪያ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። የእጅ ፍሬኑን ራሱ ሳበው። ቁልፉን ኦን ላይ አስደረገኝ። ከዚያ ካምቢዮው አጠገብ ያለችውን ጥፍር የምታክል ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቆ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑን ይርገጡ፣ እንዳይለቁት» ብሎ ቀዳዳዋ ውስጥ ጫን ሲል ካምቢዮው ኤን (ነጻ ማርሽ) ገባ። ድንጋዩን ይዞ ቀስ እያልን ወደ ዳር አወጣናት፣ ባጃጁም አለፈ። ክሬን የለ፣ ምን የለ።

ብዙ ቶዮታ ላይ እዚያች ክዳን ዘንድ «ሺፍት ሎክ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም መኪና አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ክዳኗን ከሽፋን ሥር ይደብቃታል፣ ካምቢዮው በአዝራር የሆነው አዲሱ መኪና ደግሞ የራሱ መላ አለው፣ ስለዚህ ሳይቸግር መመሪያውን ገልጦ ማየት ነው።

«ለደህንነት ብለን ተውነው» ካላችሁ ይገባኛል። ኤን የገባ መኪና ዳገት ላይ ማንንም አይጠብቅም፤ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። ታዲያ እሱኑ አትጽፉም ነበር? መጀመሪያ የእጅ ፍሬንና ታኮ፣ ከዚያ ክዳኗ ማለት ስንት መስመር ይፈጃል? ግን የጠየቃችኋቸው ሁሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለመውረድ ብቻ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር አንድም አልጠየቃችሁም። ወሎ ውስጥ ኦቶማቲክ መኪና የለም ብላችሁ ነው?

ለምን እንደሚቆለፍም ዘላችሁታል። በብዙ መኪና ፍሬን ሲረገጥ የኋላ ስቶፕ የሚያበራው ስዊች ራሱ ነው ካምቢዮውን ልቀቅ የሚለው። ስዊቹ ከተበላሸ ወይም ፊውዙ ከተቃጠለ መብራቱም ካምቢዮውም አብረው ዝም ይላሉ። ከኋላ ሰው አቁሞ ስቶፑ መብራት አለመብራቱን ማየት ነው። ያ ረዳት «ፊውዝ ነው» ያለኝ እንዲህ አይቶ ነው፣ ደግሞም ፊውዝ ነበር። በማግስቱ የወሰድኳት ጋራዥ ግን «ካምቢዮው ይውረድ» አለኝ! እናንተን ባምን ኖሮ ይሄኔ አውርጄዋለሁ።

ማስተካከያውን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ክሬን የምታከራዩ ካልሆናችሁ በቀር።

አንድ የቪትዝ ባለቤት፣ ከደሴ