ጂፑን ተወው

ይድረስ ለወንድሜ፤
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጠፋፋቱ የሁለታችንም ስለሆነ ማን ቀድሞ ዝም አለ ወደሚለው ሙግት አንግባ። ሰሞኑን እህትህን ሥላሴ ደጅ አገኘኋትና ከባለቤትህ ጋር ጣልያን እንደምትሄዱ፣ ኮረብታ ላይ ያሉትን አሮጌ ከተሞች በኪራይ መኪና እንደምትዞሩ፣ ትልቅ ጂፕ መሳይ ነገር ልትይዝ እንዳሰብክ አጫወተችኝ። ጂፑን ስሰማ ነው ልጽፍልህ የተነሳሁት።

ተወው። እኔ እዚያ ነድቻለሁ። ከተሞቹ በበቅሎ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳው ከግራም ከቀኝም ይጠጋሃል፣ ስፖኪዮ አጥፈህ የምታልፍበት መታጠፊያ ሞልቷል። ፊያት ፓንዳ (ግራንዴ የሚሏት አዲሷ ሳትሆን የቀድሞዋ) ያለ ስፖኪዮ ወርዷ 1.64 ሜትር ገደማ ነው። አንተ የለመድከው ራቭ ፎር 1.85 ይሆናል። ይቺ 20 ሳንቲ ሜትር ቦሌ መንገድ ላይ ከቁጥር አትገባም፤ እዚያ ግን ወይ ታልፋለህ ወይ ኋላ ማርሽ አስገብተህ ዳገቱን በቂጥህ ትወርዳለህ፣ ከኋላህ ጡሩምባ እየተነፋብህ።

እርግጥ የፓንዳ ዕቃ መጫኛ 225 ሊትር ብቻ ነው፤ አንዱ የአሜሪካ ሻንጣችሁ የኋላ ወንበር ላይ መተኛቱ አይቀርም። ለሁለት ሰው ይበቃል። ልጆቹ ከተከተሉ ቮልስዋገን ፖሎን የሚያህል ያዝ፣ ከዚያ በላይ ግን አትውጣ። ደግሞ የምትከራየው ደረጃውን እንጂ የመኪናውን ስም አይደለም፤ «ወይም መሰሉን» የሚል ጽሑፍ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ቁልፍ ስትቀበል «በነፃ ከፍ ያለውን እንስጥህ» ካሉህ እምቢ በል። ነፃ ነገር እምቢ ማለት እንደማይሆንልህ አውቃለሁ።

እዚያ የተለመደው ማንዋል ነው፤ አውቶማቲክ ከፈለግህ ቀደም ብለህ ለይተህ ያዝ፣ ዋጋውም ይጨምራል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮንና ቤንዚን አመጣጥነህ ሳትንሸራተት የምታስነሳው አንተ ነበርክ። (ዳገቱ አለ፤ ዙሪያው ግን ፈርሶ ተሠርቶ ሰፈርህ አይመስልህም።) እኔ ዛሬ የቻይና ኤሌክትሪክ እየነዳሁ ግራ እግሬ ሥራ ፈትቷል። ባለቤትህም የምትነዳ ከሆነ ገንዘቡ ይሂድ፣ አውቶማቲኩን ውሰዱ።

ከሁሉ የሚከፋው ዜድ ቲ ኤል የሚባለው ነው። የአሮጌዎቹ ከተሞች መሃል ብዙውን ጊዜ ፈቃድ ላለው መኪና ብቻ የተከለለ ነው፤ ምልክቱ ዙሪያው ቀይ የሆነ ነጭ ክብ ነው። ትራፊክ ፊሽካ ነፍቶ አያስቆምህም፣ ካሜራ ታርጋህን አንስቶ ዝም ይላል። ሰሌዳው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ከበራ መግቢያው ክፍት ነው ብለህ እንዳትሳሳት፤ ካሜራው እየሠራ ነው፣ አትግባ ማለት ነው። አከራዩ ስምህን አሳልፎ ለሰጠበት ከካርድህ ይቆርጣል፤ ቅጣቱ ደግሞ ለብቻው፣ ረስተኸው ከወራት በኋላ ቨርጂኒያ ድረስ ይመጣል። ማረፊያችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ አስቀድመህ ደውል፣ ታርጋህን ያስመዘግቡልህ።

ለነገሩ መኪናውን ግርጌ ትቶ መውጣቱ ነው ደስ የሚለው። ኦርቪዬቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አቁመህ በገመድ በሚጎተተው ባቡር ገደሉ አናት ላይ ትወጣለህ። ፔሩጃን ግን እንዳታልፋት። ጳጳሱ ጳውሎስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ ከተማዋን አስገብሮ ሲገዟት የነበሩትን የባሊዮኒ ቤተሰብ ሰፈር ከታች አስቀርቶ ምሽግ አሠራበት። ዛሬ ከታች መኪናህን አቁመህ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ስትወጣ በዚያ በተቀበረው ሰፈር መሃል ነው የምታልፈው፤ ጎዳናው አለ፣ የቤቱ ደጃፍ አለ፣ ሰማይ በነበረበት የጡብ ጣሪያ ተደፍቶበታል። ቀና ብዬ እያየሁ ደረጃው ማለቁን ሳላውቅ ልወድቅ ነበር።

ማቆሚያ ስትፈልግ ነጭ መስመር ነፃ ነው፣ ሰማያዊው በክፍያ፣ ቢጫው ያንተ አይደለም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጣ፤ የቨርጂኒያው ብቻውን አይበቃም። ለመያዣ የሚሆነው ክሬዲት ካርድ በሾፌሩ ስም ይሁን። መኪናውን ስትረከብ እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ አንሳ፣ ቸርኬውንም ጭምር።

የምትሄዱበትን ቀን ጻፍልኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ሻንጣም እንድትቀንስ ንገራት፣ እኔ ነኝ ያልኩት በላት።

ወንድምህ