እሁድ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ መንገድ ዳር ውጡልን

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

እንደምታውቁት ታላቁ ሩጫ ደረሰ። ዘንድሮ ከመምህራኖቻችንም፣ ከጥበቃና ከፅዳት ሰራተኞቻችንም፣ ከእናንተ ከወላጆችም የሚሮጡ አሉ፣ አንዳንዶቹ ቲሸርቱን ከወዲሁ ለብሰውት ግቢ ውስጥ እየታዩ ነው። ይቺ ደብዳቤ ግን ለማንሮጠው ሰዎች ናት። እሁድ ጠዋት እንቅልፉን ትታችሁ፣ ቤተክርስቲያን የምትስሙም ስማችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መንገድ ዳር ወጥታችሁ የኛን ሰዎች አበረታቱልን ብዬ ነው የምለምናችሁ።

አምና ያየሁትን ልንገራችሁ። የአንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪያችን እናት ትሮጥ ነበር፣ ልጅቷ በማካሮኒ ካርቶን ላይ በቀይ ማርከር «እማዬ በርቺ» ብላ ጽፋ ከአያቷ ጋር ዳገቱ ላይ ትጠብቃለች። ግን ያ ሁሉ ህዝብ አንድ አይነት ቲሸርት ለብሶ ሲጎርፍ እናቷን ከየት ትለያት፣ ያለፈችው ሴት ሁሉ እናቷ እየመሰለቻት «እማዬ! እማዬ!» ትላለች፣ የማታውቃቸው ሴቶችም ዞር እያሉ «ወዬ የኔ እናት» እያሏት ያልፋሉ። በመጨረሻ እናትየው ራሷ ናት ካርቶኑን አይታ የመጣችው፣ ላብ በላብ ሆና፣ እግሯን እየጎተተች። ልጇን አቅፋ ሳማ ስትለያት ግን ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣችው። እኔ በስራዬ ብዙ የሽልማት ቀን አይቻለሁ፣ እንደዛች ልጅ ፊት የበራ ግን አላየሁም።

ለልጆቻችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ብታወሯቸው ደስ ይለኛል። ሩጫው የተጀመረው ህዳር 1994 ዓ.ም. ነው፣ መስራቹ ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን ራሱ ሮጦ አሸንፎታል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኃይሌ ልጅ ሆኖ አሰላ አካባቢ በየቀኑ ትምህርት ቤት ለመድረስ ይሮጠው የነበረውን ያህል ማለት ነው፣ ያውም መመለሻው ሳይቆጠር። ደብተሩን ይዞ ስለሚሮጥ በኋላ ትልቅ አትሌት ሆኖም ግራ ክንዱን ደብተር እንዳቀፈ ሰው አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። ቪዲዮውን አሳዩዋቸው፣ በአትላንታም በሲድኒም በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣበትን፣ ክንዱን እዩት በሏቸው። ደግሞም በየዓመቱ በዚህ ሩጫ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ቲቸራቸው የሚሮጡት ለሌላ ልጅም ጭምር እንደሆነ ይወቁ፣ ይሄ ለኔ ከሜዳሊያው ይበልጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መስቀል አደባባይ መነሻው ጋ ባትቆሙ ይሻላል፣ ግፊያው ለህፃን አይሆንም፣ እዛ ሰውም ፈልጋችሁ አታገኙም። ራቅ ብላችሁ ዳገት ላይ ቁሙ፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው እዛ ነው፣ ሰውም «አይዞህ» መባል የሚፈልገው እዛ ነው። መንገድ ከጠዋት ጀምሮ ስለሚዘጋ መኪና አትመኑ፣ በእግር የምትደርሱበትን ቦታ ምረጡ። ለማበረታታት የምንቆምበትን ቦታ በቴሌግራም ግሩፓችን እንልካለን።

ከሁሉም በላይ ግን ፊት ፊት ያሉት ስላለፉ አልቋል ብላችሁ እንዳትሄዱ። አትሌቶቹ በ30 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሱታል፣ የኛ ጋሼ ጥበቃው ግን በዛ እድሜያቸው ገና ግማሽ ላይ ናቸው፣ ኋላ የቀረ ሰው ነው የሚያጨበጭብለት የሚያጣው። በስም ጥሯቸው፣ «ቲቸር በርቺ»፣ «ጋሼ ጎበዝ» በሉ፣ ስሙን የሰማ ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል። ልጆች ውሃ ሰው ላይ መድፋት ይወዳሉ፣ እባካችሁ ያልጠየቀ ሰው ላይ አይድፉ።

ሌላው፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ ልጆች ይዞ አይወጣም፣ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ወይም ከሚያምነው ትልቅ ሰው ጋር ይሁን። የናንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት፣ እጁንም አትልቀቁ። ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ የጠዋቱ ብርድ ሲለቅ የህዳር ፀሐይ ታቃጥላለች። የራሳችሁንም ሞባይል ጠበቅ አድርጉ። መምጣት ግዴታ አይደለም፣ ያልመጣ ልጅ ሰኞ ምንም አይባልም፣ ትምህርትም በሰዓቱ ይጀመራል።

አርብ ከሰዓት ላይብረሪ ውስጥ ካርቶን እያዘጋጀን ነው፣ ልጆቹ የሚያበረታቱትን ሰው ስም በትልቁ ይጽፋሉ። ቤታችሁ ባዶ ካርቶን ካለ እስከ ሐሙስ ላኩልን፣ ማርከር እኛ ጋ አለ። የምትሮጡ ወላጆችም ስማችሁን ለክፍል ኃላፊው ንገሩ፣ የማናውቀው ሰው ሳንጠራው እንዳያልፍብን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር