የገጹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ትናንሽ ሱቆች እንደ ጎግል ካርታ ባሉ የኦንላይን የንግድ ማውጫዎች ላይ ቢመዘገቡ ደንበኛ እንደሚያገኙ የሚያትተውን ጽሑፋችሁን አንብቤዋለሁ። በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ። ዛሬ ሰው ቁልፍ የሚቀርጽለት ወይም ጫማ የሚሰፋለት ሲፈልግ ጎረቤቱን ከመጠየቁ በፊት ስልኩን ያወጣል። እዚያ ላይ ያልተገኘ ሱቅ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም ቢሆን ለዚያ ሰው እንደሌለ ነው። ጽሑፋችሁ ግን «ተመዝገቡ» ብሎ ነው ያበቃው። በሙያዬ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁና፣ ነገሩ የሚበላሸው ከምዝገባው በኋላ መሆኑን በየጊዜው አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜም የብልሽቱ ምንጭ ከአንድ ጥያቄ አያልፍም፤ በማውጫው ላይ ያለው የሱቁ ገጽ የተከፈተው በማን ኢሜይል ነው?

ባለሱቁ ራሱ ሲከፍተው እምብዛም አላየሁም። ወይ የእህት ልጅ በራሱ ኢሜይል ይከፍትለታል፣ ወይ «በጎግል ላይ አንደኛ እናወጣዎታለን» ብሎ የመጣ ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ይከፍትለታል። ሥራው ያማረ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚታየው ስልክ ቁጥር ሲቀየር ወይም ሱቁ ሲዛወር ነው። ልጁ ሌላ ሥራ ይዟል፣ የይለፍ ቃሉንም ረስቶታል። ገንዘብ የተቀበለው ሰው ደግሞ ወይ ስልክ አያነሳም፣ ወይ ለእያንዳንዷ እርማት ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። ከማውቃቸው ነጋዴዎች አንዱ ሱቁን ወደ ሌላ ሕንፃ ካዛወረ በኋላ ገጹን ማስተካከል ስላልቻለ፣ በቀድሞው በር ላይ ወረቀት ለጥፎ ደንበኛ ሲመልስ ከርሟል። ካርታው ሰዉን የሚልከው ወደ አሮጌው ቦታ ነበርና።

ይህን ለመከላከል ትልቅ እውቀት አያስፈልግም። ገጹ በባለሱቁ በራሱ ኢሜይልና ስልክ ይከፈት፤ ረዳት የሚሆነው ሰው በኋላ ይጨመር። የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም የሱቅ ገጽ በጎግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚከፈትበት አገልግሎት፣ ለዚህ የተለያዩ የሥልጣን ደረጃዎች አሉት። «ባለቤት» የሆነ ሰው ሌሎችን መጨመርና ማስወጣት ይችላል። «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ የገባ ግን ሰዓትና ፎቶ ያስተካክላል፣ ለአስተያየት መልስ ይሰጣል እንጂ ሰው መጨመርም ሆነ ገጹን መሰረዝ አይችልም። የእህት ልጅም ሆነ ባለሙያው በዚህ ደረጃ ቢገባ ሥራውን ለመሥራት ምንም አይጎድለውም። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ባለሙያ ካለ፣ ውል ከመፈረም በፊት መታወቁ ጥሩ ነው።

«አንደኛ እናወጣዎታለን» ስለሚለው ተስፋ አንድ ነገር ልበል። በጎግል ላይ የንግድ ገጽ መክፈት በነጻ ነው። ኩባንያው ራሱ እንደሚገልጸው በአካባቢ ፍለጋ የተሻለ ደረጃ በገንዘብ መግዛትም ሆነ በልመና ማግኘት አይቻልም፤ ማስታወቂያ ሌላ ነገር ነው፣ ማስታወቂያ መሆኑም ተጽፎበት ይወጣል። ደረጃውን የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው። እነሱም ሱቁ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ግንኙነት፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና የሱቁ ታዋቂነት ናቸው። ርቀትን ማንም ባለሙያ አያሳጥርም። ግንኙነቱን የሚያጠራው ትክክለኛውን የሥራ ዘርፍ መምረጥ ነው፤ ይህም ባለሱቁ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር ነው። ፎቶ አሳምሮ ለሚያነሳና መግለጫ አስተካክሎ ለሚጽፍ ባለሙያ መክፈል ተገቢ ነው፤ እኔ የምቃወመው ለማይሸጥ ነገር መክፈልን ነው።

ደግሞም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ገጽ ከፍተው የማያውቁ ባለሱቆችም ገጽ ሊኖራቸው ይችላል። ጎግል ከየድረ ገጹ ከሚሰበስበው መረጃና ተጠቃሚዎች ከሚጨምሩት ተነስቶ ሱቁን ካርታው ላይ ያስቀምጠዋል። ማንኛውም መንገደኛ «ይህ ሱቅ ተዘግቷል» ወይም «ስልኩ ይህ አይደለም» ብሎ እርማት ማቅረብ ይችላል፣ እርማቱም ባለቤቱ ሳያውቅ ሊጸድቅ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ገጽ መክፈት ሳይሆን የራስን ሱቅ ስም መፈለግ ነው። ከተገኘ «የዚህ ንግድ ባለቤት እኔ ነኝ» ብሎ መረከብ ይቻላል። ይህን ሳያደርጉ ሌላ ገጽ የሚከፍቱ ሰዎች ሱቃቸውን ለሁለት ይከፍሉታል። ግማሹ አስተያየት አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ ይቀመጣል፤ ደንበኛውም የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

ከዚያ ማረጋገጫው ይመጣል። መንገዱን የሚመርጠው ጎግል ነው፤ በስልክ፣ በኢሜይል፣ በፖስታ ወይም በቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ ሲጠየቅ ሳይቆራረጥ መቀረጽ አለበት። የአካባቢው ምልክቶች፣ የሱቁ ስም የተጻፈበት ሰሌዳና የውስጡ ዕቃ ይታያሉ፤ ቀራጩ የሱቁ ኃላፊ መሆኑ እንዲታወቅም የተቆለፈ በር ወይም የገንዘብ መሳቢያ ሲከፍት ማሳየት ይጠበቅበታል። በር የሚከፍት ቁልፍ ያለው ደግሞ ባለሱቁ ነው። ሒደቱ ራሱ ሥራው የማን እንደሆነ ይናገራል።

ወደ ስም ልምጣ። በፊደላችን ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። በላቲን ፊደል ሲሆንማ አንድ ስም በየሰዉ አጻጻፍ ይለያያል። አንዱ ሱቅ በጎግል አንድ ዓይነት፣ በፌስቡክ ሌላ ዓይነት፣ በበሩ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ አይቻለሁ። ሰውም ሆነ የፍለጋ ሥርዓቱ እነዚህ አንድ ሱቅ መሆናቸውን በምን ይወቅ? ሰሌዳው ላይ ያለው አጻጻፍ ተመርጦ በየቦታው ያው ቢጻፍ ይበቃል። ስሙ ላይ «ርካሽ»፣ «ምርጥ»፣ «ቁጥር አንድ» እያሉ መቀጠል ግን ከጎግል ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ገጹን እስከማሳገድ ሊደርስ ይችላል። ስም ስም ነው፤ ሙገሳውን ደንበኛው ይጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ የታተመው የመጀመሪያው የስልክ ማውጫ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ 50 ስሞችን ይዞ፣ የስልክ ቁጥር እንኳ አልነበረበትም። ደዋዩ የሚፈልገውን ሰው ስም ለማዞሪያው ሠራተኛ ይናገር ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ወፍራም ማውጫዎች አንዴ ከታተሙ ስሕተታቸው እስከሚቀጥለው እትም ይቆይ ነበር፤ ማንም ግን ባለሱቁን አይወቅስም፣ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት ነው ይባላል። ዛሬ እርማት የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል፤ ወቀሳውም አብሮ ወደ ባለሱቁ ተሻግሯል። ገጹ «ክፍት ነው» ብሎት መጥቶ በሩ የተቆለፈበት ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ አንዳንዱም እዚያው በር ላይ ቆሞ ለገጹ ዝቅተኛውን ደረጃ፣ አንድ ኮከብ፣ ሰጥቶ ይሄዳል። ለእኔ ከፎቶም ከመግለጫም በላይ ትክክለኛ የሥራ ሰዓት ይበልጣል። በተለይ በበዓል ሰሞን። ለልዩ ቀናት ሰዓት የሚሞላበት የተለየ ቦታ አለ፤ ስልክ ከፍቶ መሙላት ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይወስድም፤ ግን ሲሞላ የማየው ጥቂት ሰው ነው።

ስለ ኮከቦቹም ጥቂት ልጨምር። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪው ማይክል ሉካ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ያሉ ምግብ ቤቶችን ገቢ፣ ደንበኞች ኮከብና አስተያየት በሚሰጡበት ዬልፕ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ካላቸው ደረጃ ጋር አስተያይቶ፣ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ እንደሚያሳድግ አግኝቷል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ግኝቱ ነው። ይህ ውጤት የታየው በግል ምግብ ቤቶች ላይ ነው፤ በየቦታው ቅርንጫፍ ባላቸው ታዋቂ ስሞች ላይ አልታየም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ታዋቂውን ስም ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል፣ የማያውቀውን ትንሽ ቤት ግን ሌሎች ሰዎች ካልመሰከሩለት አይገባበትም። ስለዚህ የደንበኛ አስተያየት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ስም ለሌለው ሱቅ ነው።

ጥቅሙ ትልቅ በመሆኑ ነው ሐሰቱም የበዛው። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን አንድ ጸሐፊ የሚኖርበትን የጓሮ ዛኒጋባ ምግብ ቤት ነው ብሎ ትሪፕአድቫይዘር በተባለው የተጓዦች አስተያየት መስጫ ድረ ገጽ ላይ መዘገበው፤ ወዳጆቹ የፈጠራ ምስክርነት ጻፉለትና ምንም የማይሸጠው ቤት በከተማው የአንደኝነቱን ደረጃ ያዘ። ያኔ ብዙዎች ስቀንበታል። ለሐቀኛ ነጋዴ ግን ቀልድ አይደለም፤ በሐሰት ከፍ ያለው ሁሉ እሱን ዝቅ አድርጎት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ሐሰተኛ አስተያየቶችን መግዛትና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። ጎግልም በበኩሉ በቅናሽ ወይም በስጦታ አስተያየት ማስጻፍን ይከለክላል። ተደስቶ የወጣን ደንበኛ «ጊዜ ካለዎት አስተያየትዎን ቢጽፉልን» ማለት ግን የተፈቀደ ነው፤ ብዙ ባለሱቆች ይህን ለማለት ያፍራሉ፤ ማፈራቸውም ያከብራቸዋል፤ ቢሆንም ይበሉ። ክፉ አስተያየት ሲመጣ ደግሞ ሌሊት ተናዶ መመለስ አይገባም። መልሱን የሚያነበው ወቃሹ ብቻ አይደለምና፣ ነገ ሊመጣ የሚያስበው ሰው ባለሱቁ ሲቆጣ ምን እንደሚመስል ያይበታል።

አንድ ገጽ ብቻ መያዝም አያስተማምንም። ጎግል ይህንኑ አገልግሎት በ2014 «ጎግል ማይ ቢዝነስ» ብሎ አቀረበው፣ በ2021 ስሙን ወደ ቢዝነስ ፕሮፋይል ቀየረው። በአገልግሎቱ ተሠርተው የነበሩ ነጻ ድረ ገጾች በ2024 ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት ደንበኛ የሚጻጻፍበት መልእክት መለዋወጫም ተነሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ድረ ገጹን እዚያ ብቻ ያኖረ ነጋዴ ሌላ ፈልግ ተብሏል ማለት ነው። የአይፎን ተጠቃሚዎች ለሚያዩት ካርታ አፕል የራሱ የንግድ መመዝገቢያ አለው። ኦፕንስትሪትማፕም አለ፤ ማንም ሰው በነጻ የሚያርመው ካርታ ሲሆን ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች መረጃቸውን የሚወስዱት ከእሱ ነው። ሁሉም ላይ መሮጥ ያስፈልጋል አልልም። ሁለት ወይም ሦስቱ ላይ ትክክለኛ ስም፣ ስልክ፣ ቦታና ሰዓት ካለ ይበቃል፤ አሥር ቦታ ላይ የተረሳ ገጽ ከመያዝ ይሻላል። የሱቁ ፎቶዎችና የደንበኞች ስልክ ግን በባለሱቁ በራሱ ዘንድ ይቀመጡ።

በዚህ ርዕስ የምትመለሱበት ከሆነ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ገጻቸው በሌላ ሰው እጅ የቀረባቸው ነጋዴዎች ምን ያድርጉ የሚለውን በዝርዝር አውጡላቸው። በጎግል ላይ መንገድ አለ። ገጹን ካርታው ላይ አግኝቶ የባለቤትነት ጥያቄ ሲቀርብ፣ ገጹን ለያዘው ሰው መልእክት ይሄዳል፤ እሱም በተሰጡት ቀናት ውስጥ ካልመለሰ ጠያቂው ራሱን አረጋግጦ ሊረከበው ይችላል። እምቢ ቢልም ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አለ። ደረጃ በደረጃ፣ በሥዕል አስደግፋችሁ፣ በአማርኛ ብታትሙት ቆርጠው ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ የሚለጥፉትን ሰዎች አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ